እጃችሁን ማን አይቷል? ከውጭ ለተማረ ጥርስ ሐኪም ስለ አሜሪካ ሬዚደንሲ

የቨርጂኒያ የጥርስ ሕክምና ቦርድ ደንብ ውስጥ አንድ ረጅምና አሰልቺ ዓረፍተ ነገር አለ። የሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው እውቅና ካለው ትምህርት ቤት በጥርስ ሕክምና የተመረቀ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ከዚያ ግን ሌላ አማራጭ ይጨምራል፦ ቢያንስ የ12 ወር የአጠቃላይ ጥርስ ሕክምና ድኅረ ምረቃ ሥልጠና፣ አለዚያም ክሊኒካዊ ክፍል ያለው ቢያንስ የ24 ወር የስፔሻሊቲ ሥልጠና የጨረሰም ይችላል ይላል። ያ ተጨማሪ አማራጭ ባይኖር ኖሮ እኔ ዛሬም አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ሌላ ሐኪም በሚያክመው ሰው አፍ ላይ ምራቅ መሳቢያ ይዤ ቆሜ ነበር።

በየጊዜው የሚደውሉልኝ ወጣት ባልደረቦች አሉ። ከጂማ፣ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ ተመርቀው፣ አንዱ በዲቪ፣ አንዷ ባሏን ተከትላ የመጡ ናቸው። ሰላምታው እንዳለቀ የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ መጀመሪያ የትኛውን ፈተና ልውሰድ?» መልሴ አያስደስታቸውም። ፈተና ሦስተኛ ነው እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ልትኖሩበት የምታስቡት ግዛት ሕግ ነው፤ ቀጥሎ «ሲሠራ አይቼዋለሁ» ብሎ የሚጽፍላችሁ የአሜሪካ መምህር ነው፤ ፈተናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በትምህርት ጎበዝ ተብሎ ላደገ ሰው ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ይመስለዋል። እኛ ሀገር ነጥብ ያመጣ ይገባል፣ ያላመጣ ይቀራል፤ በመካከል የሚጠየቅ የለም።

እዚህ የጥርስ ሕክምና ትምህርትን የሚመዝነው፣ በምኅጻሩ ኮዳ የሚባለው የእውቅና ኮሚሽን ነው። ከካናዳው አቻው ጋር አንዱ የሌላውን እውቅና ይቀበላል። ከዚያ ውጪ ለተማረ ሰው፣ ጀርመንም ይማር ኩባ፣ ትናንትም ይመረቅ ከ20 ዓመት በፊት፣ መነሻው አንድ ነው። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። የስድስት ዓመት ትምህርቴን እንደ ባዶ ወረቀት የሚያይ ሥርዓት ምን ዓይነት ነው እል ነበር። አሁን በከፊል ይገባኛል። ሥርዓቱ ሰነፍ ናችሁ እያለ አይደለም። እኛ የምናምነው ሰው ስትሠሩ አላያችሁም ነው የሚለው። ሬዚደንሲ የሚባለው የድኅረ ምረቃ የሥራ ላይ ሥልጠናም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም፣ በፕላስቲክ ጥርስ ላይ የሚሰጠው የእጅ ፈተናም፣ ያ የቨርጂኒያ ዓረፍተ ነገርም ዞሮ ዞሮ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ እጃችሁን ማን አይቷል?

መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ካፒድ በሚባለው ማመልከቻ በኩል ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ተመልሶ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት ላይ ገብቶ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተምሮ የአሜሪካን ዲግሪ መያዝ ነው። ይህን የጨረሰ ሰው በሁሉም ግዛቶች ፊት እዚህ ከተወለደው ተመራቂ እኩል ይቆማል። ዋጋው ግን ያስደነግጣል፤ ክፍያውና መኖሪያው ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ለሆነ የሙያ ትምህርት ተማሪ የፌዴራል መንግሥቱ ብድር በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ላይ ይቆማል። ቀድሞ ቀሪውን ይሸፍን የነበረው ተጨማሪ ብድርም ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል። ግሪን ካርድ ይዞ «ብድር አለልኝ» ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ዲግሪውን ትቶ በቀጥታ ወደ ስፔሻሊቲ ሬዚደንሲ ማመልከት ነው፤ ይህ ጽሑፍም ስለ እሱ ነው። ማመልከቻው ፓስ ይባላል፣ በየዓመቱ በግንቦት አካባቢ ይከፈታል። የሚገርመው ለብዙዎቻችን የስፔሻሊስቱ በር ከአጠቃላይ ሐኪሙ በር ይልቅ ሰፊ መሆኑ ነው። ከሌላ አገር የተመረቀን ሐኪም የሚቀበሉ ፕሮግራሞች ጥቂት አይደሉም። ዕዳው በኋላ ነው የሚመጣው፦ ብዙ ግዛቶች ስፔሻሊቲውን ጨርሳችሁም የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ እውቅና ካለው ትምህርት ቤት ካልሆነ ፈቃድ አይሰጡም። አንድ ግዛት ውስጥ ስፔሻሊስት የሆነ ሰው ድንበር ተሻግሮ አንድ ጥርስ እንኳ መሙላት የማይችልበት ሁኔታ አለ። ለዚህ ነው ሕጉን አስቀድሙ የምለው። ካሊፎርኒያ ዘመድ ስላላችሁ፣ ሲያትል አየሩ ስለተመቻችሁ ብላችሁ ሦስት ዓመት ከለፋችሁ በኋላ ያን ዓረፍተ ነገር መፈለግ ከባድ ነው።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የታወቁት የጥርስ ሕክምና ስፔሻሊቲዎች 12 ናቸው። ሁሉም ሰው የሚፈልገው ኦርቶዶንቲክስን ማለትም ጥርስ ማስተካከልን፣ ኢንዶዶንቲክስን ማለትም የጥርስ ሥር ሕክምናን፣ የሕፃናት ጥርስ ሕክምናንና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምናን ነው፤ እዚያ ከአገሩ ልጆች ጋር ትከሻ ለትከሻ ትጋፋላችሁ። ከውጭ የተማረ ሰው ይበልጥ የሚገኘው ፕሮስቶዶንቲክስ ማለትም ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ፣ የድድ ሕክምና ላይ፣ የአፍ ውስጥ ሕመሞች ላይ፣ አሁን አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 እውቅና ባገኘው የፊትና የመንጋጋ ሕመም ስፔሻሊቲ ላይ ነው። የጥርስ የኅብረተሰብ ጤና ስፔሻሊቲም ለውጭ ተመራቂ ቅርብ ነው። ነገር ግን ክሊኒካዊ ሥራ የሚበዛበት ስላልሆነ እንደ ቨርጂኒያ ያለ ሕግ ውስጥ መግባቱ አጠራጣሪ ነው። እኔ ፕሮስቶዶንቲክስን የመረጥኩት ስለምወደው ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ በሩ ክፍት ስለነበር ነው።

ስፔሻሊቲ የማይፈልግ ሰው የአንድ ወይም የሁለት ዓመቱን የአጠቃላይ ጥርስ ሕክምና ሬዚደንሲ ይመልከት። ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠውም፣ በጤና ጣቢያዎች የሚሰጠውም አለ። የቨርጂኒያው የ12 ወር ሐረግ የሚናገረው ስለዚህ ዓይነቱ ነው፤ ለስፔሻሊቲ ማመልከቻም ጥሩ መወጣጫ ይሆናል።

ሬዚደንሲ ሲባል ሁሉም ደመወዝ አለው የሚል እምነት አለ፤ ከሐኪም ጓደኞቻችን የተወረሰ ነው። በጥርስ ይለያያል። ሆስፒታል ላይ የተመሠረቱት ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ ሜዲኬር ከሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ ለሬዚደንቱ ይከፍላሉ። ዩኒቨርሲቲ ላይ ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ ከሬዚደንቱ ያስከፍላሉ፤ አንዳንዱ በአንድ እጁ ትንሽ ይሰጥና በሌላው የትምህርት ክፍያ ይሰበስባል። ግሪን ካርድ የሌለው ሰው ቪዛውን የሚይዝለት ማን እንደሆነ ጨምሮ ይጠይቅ። ለሐኪሞች ያለው የተማከለ የጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚ ቪዛ) ስፖንሰር ለጥርስ ሐኪም የለም፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው የሚጨርሰው።

ስለ ፈተና ብዙ አልልም፤ ስለ ፈተና የሚያወራ ሰው ሞልቷል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ያለው ብሔራዊ የቦርድ ፈተና 500 ጥያቄ አለው፣ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ውጤቱ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው። ነጥብ ስለሌለው ፕሮግራሞቹ አመልካቾችን የሚያበጥሩበት ወንፊት ጠፋባቸው። ቀድሞ የነበረውም ፈተና እ.ኤ.አ. በ2012 ነጥብ መስጠት አቁሞ ስለነበር፣ ያን ክፍተት ለመሙላት ኤዳት የሚባለው ፈተና በ2016 መጣ፤ ከ200 እስከ 800 ነጥብ ይሰጣል። ለእኛ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ስለ ትምህርት ቤታችሁ ምንም የማያውቅ ፕሮፌሰር አንድ ሊያነጻጽረው የሚችለው ቁጥር ያገኛል። ለመንጋጋ ቀዶ ሕክምና የሚፈለገው ሌላ ነው፣ የሕክምና ተማሪዎች የሚወስዱት ዓይነት የመሠረታዊ ሳይንስ ፈተና ነው። እንግሊዝኛም ይፈተናል።

ከፈተናው ይልቅ የከበደኝ ወረቀቱ ነበር። የውጭ ዲግሪን የሚገመግመው ድርጅት ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ እንዲላክለት ይፈልጋል። እኛ ሀገር ደግሞ የወጪ መጋራቱን ሳይከፍል፣ የአገልግሎት ግዴታውን ሳይጨርስ ሙሉ ማስረጃውን የሚያገኝ ሰው የለም። ይህን ጨርሼም «ባለጉዳዩ በአካል ይቅረብ» ተባለ። ባለጉዳዩ ቨርጂኒያ ነው። ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄጄ ለወንድሜ ውክልና ሰጠሁ፤ ውክልናው አዲስ አበባ ደርሶ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋገጠ፤ ወንድሜ ከሥራው ፈቃድ እየወሰደ ሬጅስትራሩ ደጅ ተመላለሰ። በመጨረሻ የታሸገውን ፖስታ በእጁ ሰጡት። ደስ ብሎት ማታ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ አይዞህ፣ ሁሉም አለ፣ አንድ በአንድ አይቼዋለሁ» አለኝ።

«እንዴት አየኸው?»

«ከፍቼ ነዋ!»

ፖስታው ተከፈተ ማለት ሰነዱ ሞተ ማለት ነው። እንደገና ከመጀመሪያው። ከመውጣታችሁ በፊት አገር ቤት ሳላችሁ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ትራንስክሪፕቱን አስልኩ። በስተኋላ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ወንድምም ይደክማል።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ፤ ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ነው። የእኛን ሀገር የድጋፍ ደብዳቤ ታውቁታላችሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል፤ ዶክተር እገሌ ትጉህ፣ ታማኝ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላቸውና ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ተግባቢ መሆናቸውን እንገልጻለን ይላል፤ ከታች ክብ ማኅተም፣ ፊርማው ማኅተሙን ይነካል። እዚያ ማኅተሙ ራሱ ሰው ያህል ይናገራል። እዚህ ግን የፕሮግራሙ ኃላፊ ማኅተሙን ዘሎ ይህ ጸሐፊ አመልካቹ ሲሳሳት አይቷል ወይ፣ ሲታረምስ ምን አደረገ የሚለውን ይፈልጋል። አንድ ያገዘኝ አዛውንት ሐኪም የጻፈልኝን ደብዳቤ በኋላ አሳየኝ። ታማኝነቴን አላነሳም። አንዲት አሮጊት ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ድዳቸውን እያቆሰለ ተቸግረው ሳለ፣ ሐኪሙ ፈልጎ ያጣውን፣ ጫናው የሚያርፍበትን ቦታ ረዳት ሆኜ ቆሜ እኔ እንዳገኘሁት፣ ያንንም በሽተኛዋ ፊት ሳይሆን ወደ ጓዳ ጠርቼ እንደነገርኩት ጽፏል። ይኸው ነው። ይህ አንድ አንቀጽ ከብዙ ማኅተም በላይ ሠርቶልኛል።

እንዲህ ያለ ምስክር የሚገኘው አጠገቡ በመቆም ነው። ስለዚህ ረዳትነትን አትናቁ። ትናንት ክፍሉን ሲመራ የነበረ ሰው ዛሬ መሣሪያ ሲያቀብል ያማል፣ አልዋሽም። ወላጆቼ ለጎረቤት ምን ብለው እንደሚያስረዱ ሲቸገሩ ሰምቻለሁ። ግን ከሐኪም ወንበር አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ሙሉ ቀን ከመዋል የበለጠ ሌላ ትምህርት ቤት አላገኘሁም። በፍሎሪዳ ደግሞ ከውጭ የተመረቀ ጥርስ ሐኪም ፈተና ወስዶ በጥርስ ንጽሕና ባለሙያነት ፈቃድ ማግኘት ይችላል፤ ከረዳትነት የተሻለ ይከፈላል፣ በራስ እጅም ይሠራል።

የነጻ ሕክምና ዘመቻዎችም አሉ። የቨርጂኒያ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ፋውንዴሽን «የምሕረት ተልእኮ» የሚለውን ዘመቻ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 በደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራራማ አካባቢ፣ ዋይዝ በሚባል ቦታ ነው። እንደነዚህ ባሉ ዘመቻዎች ሰው ከሌሊት ጀምሮ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ተራ ይጠብቃል። በሀብታም አገር መካከል የአርባ ዓመት ሰው አሥር ጥርሱን በአንድ ጠዋት ሲያስነቅል አይቼ ማመን አቅቶኝ ነበር፤ አሜሪካን በፊልም ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። እዚያ ፕሮፌሰሩም ተማሪውም በጎ ፈቃደኛውም በአንድ ድንኳን ይውላሉ። ማንም የትምህርት ቤታችሁን ስም አይጠይቅም፤ መብራቱን በትክክል መያዛችሁን ግን ያያል።

እጅን በተመለከተ እውነቱን እንነጋገር። አገር ቤት የተማርን አብዛኞቻችን ጥርስ በመንቀል ጎበዞች ነን፤ በሽተኛው የሚመጣው አንድም ሌላ አማራጭ ሲያልቅበት፣ አንድም ሌላውን መክፈል ሲያቅተው ነውና። ክራውን ማለትም በተሞረደ ጥርስ ላይ የሚገጠም ሙሉ ሽፋን ግን ስንት ሠርተናል? እዚህ የሚፈተነው ደግሞ እሱ ነው። ታይፖዶንት በሚባለው የመለማመጃ መንጋጋ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ጥርስ ማኘኪያ ገጹን 2 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ማድረግ፣ ጎኖቹን 6 ዲግሪ ገደማ ማዘንበል፣ ጠርዙን ዙሪያውን አንድ ወጥ አድርጎ መጨረስ፣ ይህን ሁሉ ሲሠሩ አጠገቡ ያለውን ጥርስ ጭራሽ አለመንካት። ፈታኙ መጀመሪያ የሚያየው የተሠራውን ጥርስ ሳይሆን ጎረቤቱን ነው፤ ጭረት ካለ ሌላው ውበት አያድንም። ያገለገለ የጥርስ መቦርቦሪያ (ሀንድፒስ) እና ትንሽ ኮምፕረሰር ገዝቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እለማመድ ነበር። ከታች የሚኖሩት ሰውዬ ጣሪያዬ እየተቦረቦረ ነው ብለው ለሕንፃው አስተዳደር ከሰሱኝ። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሞተር ስገዛ ሰላም ወረደ፤ ዋጋው ቢወደድም ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ አፓርታማ ለምትኖሩ ቀድሞውኑ እሱን እመክራለሁ።

ስለ ራስ የሚጻፈው ጽሑፍ ላይ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጥርስ ሐኪም የመሆን ሕልም ነበረኝ» የሚለውን አጥፉት። የእኛ ሀብት ሌላ ነው። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ፣ በአጠቃላይ የስምጥ ሸለቆው ሕዝብ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ሲጠጣ ኖሮ ጥርሱ በልዟል። እዚህ አገር ፍሎራይድ የሚታወቀው የጥርስ መከላከያ ተብሎ ከቧንቧ ውኃ ጋር ሲጨመር ነው። በከባድ ደረጃ የበለዘ ጥርስን አሜሪካዊ ሬዚደንት መጽሐፍ ላይ ያየዋል፣ እኛ ወረፋ ላይ አይተነዋል። እኔ የጻፍኩት ለሠርጓ አንድ ወር ሲቀራት ስለመጣች ልጅ ነው፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። የፊት ጥርሷ ላይ ሽፋን ለመለጠፍ ስንሞክር አልይዝ አለን፤ ፍሎራይድ ያጠቃው ገለፈት፣ ማጣበቂያው እንዲይዝ የሚቀባውን አሲድ እንደ ጤነኛው ስለማይቀበል ነው። በቃለ መጠይቁ ላይ ሌላውን ሁሉ ትተው ስለዚህ ጠየቁኝ፦ አሲዱን ምን ያህል ጊዜ አቆየኸው? የላይኛውን ንብርብር በመቦርቦሪያ አነሳኸው ወይ? ሦስት ፕሮፌሰሮች ተጠግተው ሲያደምጡ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሐኪም መስዬ ተሰማኝ።

የሕፃናት ጥርስ ሕክምና ለሚያመለክቱም እንዲሁ። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስወጣት አገራችን ውስጥ ያለ ነገር ነው። ድዱ ሥር ያለው የክራንቻ ጥርስ እንቡጥ «ትል» ተብሎ ይወጣል፤ ቋሚው ጥርስም አብሮ ይጎዳል ወይም ጭራሽ አይበቅልም። እስራኤል ያሉ ሐኪሞች በኢትዮጵያውያን ልጆች አፍ ውስጥ ይህን አይተው ጽፈዋል። የሐበሻ ማኅበረሰብ በበዛበት ከተማ ያለ የሕፃናት ክሊኒክ የልጁ ክራንቻ የት እንደሄደ ሳይገባው ይቀራል፤ እናቲቱን ሳያሳፍር ሊጠይቃት የሚችል ሰው እናንተ ናችሁ። ይህን ጻፉ።

ምደባው ማች በሚባለው ሥርዓት ነው፣ ሁሉም ባይሆኑም ብዙዎቹ ስፔሻሊቲዎች ይጠቀሙበታል። እናንተ ፕሮግራሞችን በምርጫ ቅደም ተከተል ታስገባላችሁ፣ እነሱም አመልካቾችን፤ ኮምፒውተሩ ያጋጥማል፤ ውጤቱ ያስገድዳል። ይቀበሉኛል ብላችሁ የገመታችሁትን ሳይሆን የምትፈልጉትን ከላይ አድርጉ፤ ስሌቱ የተሠራው ለአመልካቹ እንዲያደላ ነው። ካልተመደባችሁ ደግሞ በዚያው ቀን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አታልቅሱ። ሰው ያልሞላላቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር ይወጣል፤ በተለይ በፕሮስቶዶንቲክስ፣ በድድ ሕክምናና በአጠቃላይ ሬዚደንሲዎች ቦታ የሚተርፍበት ዓመት አለ። ኢሜይሉን አስቀድሞ አዘጋጅቶ የጠበቀ ይቀድማል።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። «ፕሪሴፕተርሺፕ» እየተባለ ለአንድ ዓመት በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጥ ቆይታ አለ። ከጥሩ መምህር ጋር ከሆነ ደብዳቤ ያስገኛል፣ አልክድም። ነገር ግን የኮዳ እውቅና ያለው ሥልጠና አይደለምና ለፈቃድ አንድ ቀን እንኳ አይቆጠርላችሁም። ይህን ሳይነግሩ የስደተኛን ቤተሰብ ከቁጠባው የሚያራቁቱ አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ስጨርስ የምትሰጡኝ ሰርተፊኬት እውቅና ካለው ፕሮግራም ነው?

የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሆነው የመጡ ወንድሞቻችንን ሳስብ የምለው ይጠፋኛል። የካቲት 12 ሆስፒታል ሲሠሩ ከፊት የሚገዝፍ የመንጋጋ ዕጢ ያወጡ፣ የተሰነጠቀ ከንፈር የሰፉ እጆች ናቸው። እዚህ ያ ስፔሻሊቲ አራት ዓመት፣ ከሕክምና ዲግሪ ጋር ከሆነ ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ ፉክክሩም ከሁሉም የበረታ ነው። አንዳንዶቹ ለአንድ ዓመት ብቻ በሚቀጥሩ የኢንተርንነት ቦታዎች ገብተው ከራሳቸው የሚያንሱ ሰዎች ስር ይሠራሉ፤ ከመካከላቸው ተሳክቶላቸው ወደ ዋናው ፕሮግራም የተሻገሩ አሉ። በአርባ ዓመቱ፣ ሦስት ልጅ ይዞ፣ ይህን ጀምር ብዬ ሰውን ለመምከር ግን አንደበቴ አይታዘዝልኝም። ለእነሱ የማነሳው ብዙውን ጊዜ የፊትና የመንጋጋ ሕመም ስፔሻሊቲን ወይም የአፍ ውስጥ ሕመሞችን ነው፤ ያ ሁሉ የአናቶሚ እውቀታቸው እዚያ ይፈለጋል።

ወደ ሕጉ ልመለስና ልጨርስ። የምትፈልጉትን ግዛት የቦርድ ድረ ገጽ ክፈቱ፣ ደንቡን ራሳችሁ አንብቡ፤ የጓደኛችሁን ትርጓሜ፣ የእኔንም ቢሆን፣ አትመኑ። ከዚያ የፕሮግራሙን ስም፣ ርዝመቱንና እውቅናውን ጠቅሳችሁ «ይህን ብጨርስ ለፈቃድ ብቁ ነኝ?» ብላችሁ ለቦርዱ ጻፉ። ደንብ ይሻሻላልና መልሱን በጽሑፍ ያዙት። መልስ ለመስጠት ይዘገያሉ፤ ደውላችሁ አስታውሷቸው፣ የሚያነሱት ጠዋት ጠዋት ነው።